ዝናብ በሌለበት ዳሰነች ጎርፉ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ «በደቡብ ኦሞ ዞን በዳሰነች ወረዳ መምህር ሆኜ ተመድቤያለሁ። ስለ አካባቢው ሳነብና ስጠይቅ አንድ ነገር ሊገባኝ አልቻለም። ወረዳው በረሃ ነው፣ ዝናቡም ትንሽ ነው ይላሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከብቶቻቸው በድርቅ አልቀዋል። ወዲያው ደግሞ ሕዝቡ በጎርፍ ተፈናቀለ ይባላል። ሁለቱ እንዴት በአንድ ቦታ ይሆናሉ? ውሃው እንደሚመጣ እያወቁስ ለምን ወደ ከፍታ ቦታ አይሄዱም?»

መልስ፦ መምህር፣ ይህ ጥያቄ ወደዚያ ለሥራ የሚወርድ ሰው ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ፣ ብዙዎቻችን ግን ሳንጠይቀው ዓመታት ያሳለፍንበት ነው። እኔ የውሃ ባለሙያ ነኝ። የወረዳውን ከተማ ኦሞራቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት «ደረቅ ወረዳ» የሚል ሰነድ በእጄ ይዤ ነበር። ከመኪና ወርጄ ወንዙ ዳር ስቆም ግን ከፊቴ የሚፈሰው ውሃ ወተት የገባበት ቡና የመሰለ፣ ድምፅ የሌለው፣ ለመሻገር ታንኳ የሚያስፈልገው ታላቅ ወንዝ ነበር። ሰነዱ አልዋሸም። ከሰማይ የሚወርደውን ብቻ ቆጥሮ ከሩቅ አገር የሚመጣውን ትቶት ነበር። የጥያቄዎ መልስ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ መንገዱን በከፍታ ያስቡት። ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዲመካና በቱርሚ አድርገው ኦሞራቴ ሲደርሱ ከ400 ሜትር በታች ወርደዋል። ከቱርሚ በኋላ ያለው 70 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ኮረብታውን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየተወ ይሄድና መጨረሻ ላይ መሬቱ እንደ ምጣድ ይዘረጋል። ከኦሞራቴ ተነሥቶ እስከ ቱርካና ሐይቅ ድረስ ያለው የከፍታ ልዩነት በጥቂት ሜትሮች የሚቆጠር ነው። ይህን ነገር ይያዙልኝ፤ የኋላው ነገር ሁሉ በዚህ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

መሬቱ እንዲህ የተስተካከለው የሐይቅ ወለል ስለነበረ ነው። ከዛሬ 7 ሺህና 8 ሺህ ዓመት በፊት፣ ምሥራቅ አፍሪካ በዝናብ የረሰረሰ በነበረበት ዘመን፣ ቱርካና ሐይቅ ከዛሬው ወደ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይህን ሜዳ በሙሉ ሸፍኖ ነበር። ሲሞላ ደግሞ በሰሜን ምዕራብ በኩል ተርፎ ወደ ናይል ይፈስ ነበር። ዝናቡ ሲቀንስ ሐይቁ ወደ ደቡብ ሸሸ፤ መውጫውም ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ቱርካና ገቢ እንጂ ወጪ የሌለው ሐይቅ ነው፤ የገባበት ውሃ የሚወጣው በፀሐይ ተንኖ ብቻ ነው። ከሐይቁ አብዛኛው ክፍል ኬንያ ውስጥ ነው፤ የሚመግበው ግን የእኛ ኦሞ ነው። ከሚገባለት ውሃ 90 በመቶ ያህሉ በኦሞ በኩል የሚመጣ ነው።

አሁን ወደ ዝናቡ እንምጣ። በወረዳው የሚዘንበው በዓመት ከ400 ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልም፤ እሱም በአብዛኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ በጥቂት ቀናት፣ በተቆራረጠ ሁኔታ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደጋው በክረምት ሲጠመቅ ኦሞራቴ ላይ ሰማዩ ባዶ ነው፤ ነፋሱ አቧራ ያነሣል፣ ከብት ጥላ ፍለጋ ይንከራተታል። የኦሞ ወንዝ የሚሞላው ግን በዚሁ ጊዜ ነው። በወልቂጤ፣ በጅማ፣ በከፋና በዳውሮ ጣሪያውን ሲደበድብ ያደረው ዝናብ በጊቤና በጎጀብ ተሰብስቦ፣ ገደሉን ሰንጥቆ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጠብታ ያልወረደበት ሜዳ ላይ ይደርሳል።

ስለዚህ የዳሰነች ሕዝብ የሚኖረው በሁለት ዝናብ ነው። አንዱ በራሱ ላይ የሚዘንበው ነው፤ እሱ ሣር ያበቅላል፣ ከብት የሚኖረው በእሱ ነው። ሌላው ደጋ ላይ የሚዘንበው ነው፤ እሱ በወንዝ መጥቶ ማሽላ ያበቅላል። ሁለቱ የሚመጡት በተለያየ ወር፣ ከተለያየ ሰማይ ነው። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ከብት ሲከሳ፣ የደጋው ክረምት ጥሩ ከሆነ ጎተራው ይሞላል። ጎርፉ ሲያንስና እርሻው ሲጠብ ደግሞ ከብቱ ተሽጦ እህል ይገዛል። እርስዎ «ድርቅና ጎርፍ እንዴት አብረው ይሆናሉ?» ብለው የጠየቁት ነገር ለእነርሱ ለብዙ ትውልድ የኑሮ ዋስትና ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም የደቡብ ቆላ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሲቀሩበት፣ በዳሰነች የጠፋው የመጀመሪያው ዝናብ ነው። ሁለተኛው ግን ከደጋ መምጣቱን አላቆመም።

ይህን እርሻ በዓይኔ ሳላየው ስለ እርሱ በሰነድ ብዙ ጽፌ ነበር፤ ማየት ሌላ ነው። ወንዙ በነሐሴና በመስከረም ከአፉ ይወጣና ዳርቻውን፣ ጎድጓዳውን፣ የደለሉን ሜዳ ይሸፍናል። ጥቂት ሳምንታት ይቆይና ይመለሳል። ሲመለስ ከኋላው የሚተወው ጥቁር ጭቃ ነው። በአንድ የጥቅምት ጠዋት አንድ ሽማግሌ ከዚህ ጭቃ ዳር ቆመው ሳገኛቸው ገና ለመዝራት አልጀመሩም ነበር። ባዶ ተረከዛቸውን መሬቱ ላይ ጫን አድርገው አዙረው አነሡት። በጉድጓዱ ውስጥ ውሃ አቆረ። «ገና ነው» አሉ በአስተርጓሚው በኩል። ከሦስት ቀን በኋላ ስመለስ በዚያው ተረከዝ ጉድጓዱ እርጥብ ሆኖ ውሃ ሳይዝ ቀረ፤ ቤተሰቡ በሙሉ መሬት ላይ ነበር። ወንዶቹ በሾለ እንጨት ጉድጓድ እየወጉ ወደ ፊት ይሄዳሉ፣ ሴቶቹ ከኋላ የማሽላ ዘር እየጣሉ በእግራቸው ይደፍናሉ። ማረሻ የለም፣ በሬ የለም፣ ማዳበሪያ የለም፤ ማዳበሪያው ከጅማና ከከፋ ታጥቦ የመጣው አፈር ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ጠብታ ባይዘንብም ማሽላው ጭቃው ያቆረውን እርጥበት እየጠጣ ይደርሳል። ጥር ገደማ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ሲጠብቁ ያያሉ። በእነዚያ ሳምንታት ክፍልዎ ቢጎድል አይቆጡ፤ ልጁ የቤተሰቡን የዓመት እህል እየጠበቀ ነው።

ታዲያ ጎርፍ የሕይወታቸው መሠረት ከሆነ ለምን ይፈናቀላሉ? እዚህ ላይ ዜናዎቹ «ጎርፍ» በሚል አንድ ቃል የጠቀለሏቸው ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው አሁን የነገርኩዎት ነው፤ መጥቶ የሚመለሰው። ሁለተኛው የ1998ቱ ዓይነት ነው። በዚያ ዓመት ነሐሴ ወር፣ ድሬዳዋ በደጫቱ ጎርፍ በተመታች በቀናት ልዩነት፣ ኦሞ ከተለመደው በላይ በሌሊት ሞልቶ በዳሰነች ከ360 በላይ ሰዎችን ወሰደ። በደለሉ ደሴቶች ላይ ከብት ይዘው የነበሩ ሰዎች መሸሻ አጡ። በኦሞራቴ ያሉ ጎልማሶች ዛሬም ዕድሜ ሲቆጥሩ «ከዚያ ጎርፍ በፊት» እና «ከዚያ ጎርፍ በኋላ» ይላሉ። ከተማሪዎችዎ መካከል አጎቱን ወይም አያቱን ያላየ ልጅ ሲያጋጥምዎ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ግን አዲስ ነው፤ ሰሞኑን የሰሙትም እሱን ነው። ይህኛው መጥቶ የማይመለስ ውሃ ነው። እንዲገባዎ ስለ ግድቡና ስለ ሐይቁ ትንሽ በዝርዝር ልንገርዎ፤ ሰዎች ብዙ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና።

ከዳሰነች በላይ በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው የጊቤ ሦስት ግድብ በ2007 ዓ.ም ውሃ መያዝ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2009 ተመረቀ። ቁመቱ 243 ሜትር ነው፣ ከ14 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይይዛል፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የኤሌክትሪክ ኃይል ግድብ የሚሠራው የክረምቱን ውሃ አጠራቅሞ ዓመቱን ሙሉ በልክ በልክ በመልቀቅ ነው። ይህ ለተርባይኑ ጥሩ ነው፤ በነሐሴ የሚነሣውን የኦሞን ጉልበት ግን ይሰብረዋል። ወንዙ በበጋ ከቀድሞው ከፍ ይላል፣ በክረምት ከቀድሞው ዝቅ ይላል፤ ከአፉ ወጥቶ ሜዳውን ማጠጣቱ ይቀራል። ይህ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ነበር። በግድቡ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ውስጥ በየዓመቱ ለቀናት ያህል ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንዲለቀቅ ሐሳብ የቀረበው ለዚህ ነው። እኔ የግድቡ ተቃዋሚ አይደለሁም፤ መብራት የሌለው ክሊኒክ ውስጥ ሌሊት ስትወልድ ያየኋት ሴት አለች። ነገር ግን ያ የጎርፍ ልቀት በወቅቱ፣ በበቂ መጠን፣ አስቀድሞ ለሕዝቡ ተነግሮ በየዓመቱ መደረግ አለበት ብዬ ሁልጊዜ እከራከራለሁ። ለአንድ የዳሰነች ገበሬ የጎርፉ መቅረት ለደጋ ገበሬ ክረምት እንደ መቅረት ነው። ከ2003 ዓ.ም ወዲህ የተጀመረው የኦሞ ኩራዝ ስኳር ልማትም ከዚሁ ወንዝ ይጠጣል፤ ከጊቤ ሦስት በታች ደግሞ የኮይሻ ግድብ እየተሠራ ነው። ውሃው ኦሞራቴ ከመድረሱ በፊት ብዙ እጅ ያልፋል ማለት ነው።

ብዙዎች «ግድቡ ጎርፍ ካስቀረ ዳሰነች እንዴት ሰጠመ?» ይላሉ። ግድብ የውሃውን ወቅት ይለውጣል እንጂ የዓመቱን ውሃ አይውጠውም። በመስኖ ከሚወሰደውና ከሚተነው በስተቀር የገባው ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ሐይቁ መድረሱ አይቀርም። ሐይቁ ደግሞ መውጫ የለውም። ከቱርካና ላይ በየዓመቱ ከ2 ሜትር በላይ ውሃ በፀሐይ ይተናል፤ ይህን ያህል ከገባለት ባለበት ይቆያል፣ ካነሰ ይወርዳል፣ ከበለጠ ይወጣል። ጊቤ ሦስት ሲሞላ በነበረበት ጊዜ ሐይቁ ወረደ። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ ግን በደጋውም በሐይቁ ዙሪያም ከተለመደው የበዛ ዝናብ በተደጋጋሚ ጣለ፤ ሐይቁ መውጣት ጀመረ። በኬንያ ስምጥ ሸለቆ ባሪንጎ፣ ናኩሩና ናይቫሻም በእነዚህ ዓመታት ዳርቻቸውን አልፈው መንደርና መንገድ ውጠዋል፤ ስለዚህ ነገሩ የአንድ ግድብ ወይም የአንድ ወንዝ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ያንን እንደ ምጣድ የተዘረጋ ሜዳ ያስታውሱ። ገደል ያለው ሐይቅ አንድ ሜትር ቢወጣ ማንም ልብ አይለውም። ዳሰነች ውስጥ አንድ ሜትር ማለት ኪሎ ሜትሮች ማለት ነው። ሐይቁ ወደ ሰሜን ይገባል፤ ወንዙም ፊት ለፊቱ የቆመ ውሃ ስለሚያገኝ መፍሰሻ አጥቶ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይተኛል። በዚህ መንገድ አብዛኞቹ የወረዳው ቀበሌዎች በውሃ ተነክተዋል፤ ኦሞራቴ ከተማ ራሷም ከአፈር ክምር ጀርባ ሆና የውሃውን አመጣጥ የምታይበት ጊዜ ደርሷል። ይህ ውሃ በጥቅምት አይመለስም። ጭቃ ትቶ አይሄድም። የሸፈነው መሬት የግጦሽም የእርሻም መሬት ነበር፤ አሁን የአዞና የሸምበቆ ሆኗል።

አመጣጡን አንድ ቀን አየሁት። ያየሁት ከጠበቅሁት ሁሉ የተለየ ነበር፤ ጩኸትም ማዕበልም የለውም። ጠዋት የደረቀ የነበረ የፍየል በረት ቀትር ላይ መሬቱ ረጠበ፤ ማታ ውሃ አቆረ። አንዲት እናት ጎንበስ ብላ ከደጃፏ ፊት ያለውን መሬት በእጇ ነካች፤ ቀጥላ ምንም ሳትናገር ቤቷን መፍታት ጀመረች። የዳሰነች ቤት ከታጠፈ ቅርንጫፍ የተሠራ፣ በቆዳና በቆርቆሮ ቁራጭ የተሸፈነ፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ዝቅተኛ ጎጆ ነው፤ የምትሠራው፣ የምታፈርሰውና የምትሸከመውም ሴቷ ናት። ቆርቆሮውን አንድ በአንድ ከጠፍሩ ፈታች፣ ደረደረች፣ ቆዳውን ጠቀለለች፣ ቅርንጫፎቹን ጀርባዋ ላይ አሰረች። ልጇ የሸፈሮ፣ ማለትም የቡና ገለፈት ፍል፣ መጠጫ ቅሏን ብቻ በሁለት እጇ ይዛ ተከተለቻት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቢፈጅ ነው። ያ ወር ሳያልቅ ያንኑ ቤት ሦስት ጊዜ እንዳነሣችው በኋላ ነገሩኝ።

«ለምን ወደ ከፍታ አይሄዱም?» ላሉት መልሱ እነሆ። ይሄዳሉ፤ ሲሄዱ ነው የኖሩት። ጥያቄው ከፍታው የማን ነው የሚለው ነው። በሰሜን ምሥራቅ ከፍ ሲሉ የሐመር ምድር ነው። ወንዙን ተሻግረው በሰሜን ምዕራብ ሲወጡ ኛንጋቶም አለ። በደቡብ ምዕራብ በሐይቁ ስም የሚጠራው የቱርካና ሕዝብ፣ በምሥራቅ በኩል የገብራ ሕዝብ አሉ። ባዶ የሚመስለው ቁጥቋጦ ሁሉ የአንዱ የድርቅ ጊዜ ግጦሽ ነው፤ ካርታ ላይ አልተጻፈም እንጂ ባለቤቱ ይታወቃል። 5 ሺህ ከብት ይዞ ወደ ጎረቤት ግጦሽ መግባት ማለት መጀመሪያ ሽማግሌ መላክ፣ መለመን፣ መስማማት ማለት ነው፤ ያ ካልሆነ ጠብ ነው፤ ጠቡም ዛሬ በጦር ሳይሆን በጠመንጃ ነው። የሐይቁ ዳርቻ ሲንቀሳቀስም ዓሣ የሚወጣበት ቦታ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ በኬንያ ድንበር ላይ ባለው ቶዶንያንግ በኩል በዳሰነችና በቱርካና አጥማጆች መካከል ሕይወት የጠፋባቸው ግጭቶች ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው።

አንድ የታሪክ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም «ለምን ያንን ዝቅተኛ ቦታ መረጡ?» የሚል ወቀሳ ብዙ ጊዜ እሰማለሁና። በ1880 ዓ.ም የኦስትሪያና የሃንጋሪ አሳሾች ወደ ሐይቁ ደርሰው በልዑላቸው ስም ሩዶልፍ ብለው በጠሩት ዘመን ሐይቁ ከፍ ያለ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ 1940ዎቹ ድረስ ከ10 ሜትር በላይ ወረደ። ከ1960ዎቹ ወዲህ ደግሞ ኦሞ ያመጣው ደለል ወደ ሐይቁ እየገፋ በመቶ የሚቆጠር ስኩዌር ኪሎ ሜትር አዲስ መሬት ፈጠረ። ሰዎቹ ሐይቁ በለቀቀላቸው መሬት ላይ ሠፈሩ፤ የጥንት ግጦሻቸው በድንበርና በጠብ ሲጠብባቸው መሸሻቸው ያ ደለል ሆነ። አሁን ሐይቁ የተመለሰው አያቶቻቸው ወደሚያውቁት ቦታ ነው።

ድንበሩን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያና የኬንያ ወሰን መሠረት የተጣለው በ1900 ዓ.ም በአዲስ አበባ በተፈረመው ስምምነት ነው፤ በ1962 ዓ.ም ሁለቱ አገሮች በውል አጸኑት። በምዕራብ በኩል ደግሞ ባለቤትነቱ ሲያከራክር የኖረው የኢሌሚ ሦስት ማዕዘን አለ። መስመሩ ሲሰመር የዳሰነች ሕዝብ ለሁለት ተከፈለ፤ በኬንያ በኩል በኢሌሬት የሚኖሩት የእነዚሁ ወንድሞች ናቸው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ በኢትዮጵያ በኩል ወደ 48 ሺህ ዳሰነች ተቆጥረዋል። ልጅ በዚህ ይወለዳል፣ አክስቱን ለመጠየቅ በእግሩ ኬንያ ይገባል፣ ሺልንግም ብርም ያውቃል። በክፍልዎ የስዋሂሊ ቃል ቢሰሙ አይገረሙ። ከኛንጋቶምና ከሐመር የሚመጡ ተማሪዎች ካሉዎት ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት የቋንቋ ቤተሰብ ተቀምጧል ማለት ነው፦ ዳሰነችኛ ኩሻዊ ነው፣ የአርቦሬ የቅርብ ዘመድ፤ ሐመርኛ ኦሞአዊ ነው፤ ኛንጋቶምኛ ደግሞ ናይላዊ ሆኖ ከቱርካና ጋር ይግባባል። በትላልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የቋንቋ ምሁራን የሚጓጉለት ነገር ነው።

በድሮ ሰነዶች ሕዝቡ «ገለብ» ተብሎ ሲጠራ፣ አውራጃውም «ገለብና ሐመር ባኮ» ሲባል ያገኙታል። በቱርካና በኩል ደግሞ «መሪሌ» ይሏቸዋል። እነርሱ ራሳቸውን የሚጠሩት ዳሰነች ብለው ነው፤ እርስዎም በዚሁ ይጥሯቸው።

ስለ ዓሣ ካልነገርኩዎት መልሴ ይጎድላል። ቀድሞ ዓሣ ማጥመድ ከብት ያለቀበት ሰው ሥራ ነበር፤ እንዲህ ያሉትን «ዲየስ» ይሏቸዋል፣ ቃሉ ድህነትን የሚያስታውስ ነው። ዛሬ ይህ ተለውጧል። ከብቱ በድርቅ አልቆ እርሻው በውሃ ሲዋጥ፣ ውሃው ያመጣውን ማጥመድ የብዙ ወጣት ሥራ ሆኗል። ቆሮሶ፣ ነጭ ዓሣና አምባዛ ይወጣል። ዓሣው ግን በረዶና መንገድ ይፈልጋል፤ በዚያ ሙቀት የጠዋት ዓሣ እስከ ቀትር አይቆይም። ስለዚህ አብዛኛው ደርቆ ወይም በርካሽ ይሸጣል። ለዚህ ወረዳ ምን ይደረግ ብሎ የሚጠይቀኝ ባለሥልጣን ቢኖር መጀመሪያ የምጠቅሰው የበረዶ ማምረቻና የጀልባ ደኅንነት ነው፤ ምክንያቱም ውሃው ቶሎ የሚመለስ አይመስለኝም፣ ሰዎቹም ከውሃው ጋር መኖር ጀምረዋል። ሁለተኛው በጎረቤት ሕዝቦች መካከል የግጦሽ ስምምነት ሲደረግ መንግሥት ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሞ እንዲያስፈጽም ነው። ሦስተኛው ግድቡ ውሃ ሲለቅ በዳሰነችኛ የሚነገር ማስጠንቀቂያ እያንዳንዱ መንደር እንዲደርስ ነው፤ ይህ የስልክ መልእክትና ጥቂት የሬዲዮ ደቂቃ እንጂ ቢሊዮን ብር አይጠይቅም።

ለራስዎ የሚጠቅም ጥቂት ነገር። የወባ መከላከያ አጎበር ይዘው ይውረዱ፤ ውሃ በቆመበት ሁሉ ትንኝ አለ። ወንዝ ዳር ለመታጠብ ወይም ውሃ ለመቅዳት ብቻዎን አይውረዱ፤ አዞው ቀልድ አይደለም፣ ውሃው በገባባቸው ቦታዎች ደግሞ ቀድሞ ባልነበረበት አሁን አለ። ሰው ቤት ሲገቡ በቅል ሸፈሮ ይቀርብልዎታል፤ የቡና ገለፈት ተፈልቶ የሚጠጣ ነው፣ ቡናው ራሱ በዚያ ሙቀት ስለማይበቅል ከደጋ የሚመጣው በገለፈት ነው። ቀስ ብለው ይጠጡት፣ ወሬው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅ በመስከረም ተመዝግቦ በጥቅምት ቢጠፋ ትምህርት ጠልቶ ነው ብለው አይፍረዱ፤ የት እንደሄደ ይጠይቁ። ወይ ከከብት ጋር ወጥቷል፣ ወይ ቤቱ ተነሥቷል።

በመጨረሻም አንድ ልመና አለኝ። ትምህርት ቤትዎ ወንዙ ወይም የገባው ውሃ ዳር አጠገብ ከሆነ፣ ቀጥ ያለ ወፍራም እንጨት ተክለው በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በቀለም ያስምሩበት። ጠዋት ጠዋት ሁለት ተማሪ ሄዶ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር በደብተር ይጻፍ፤ ቀኑንም አብሮ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ መስመሩን በግራፍ ያስሉት። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ወደ ክፍል ጠርተው፣ በልጅነታቸው ሐይቁ የት ይደርስ እንደነበር በእጃቸው ያሳዩዎት፤ ያንን ቦታ ልጆቹ ቆመው ከትምህርት ቤቱ ምን ያህል እርምጃ እንደሚርቅ ይቁጠሩ። የአንድ ዓመት ደብተር ሲሞላ ቅጂውን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይስጡ፣ አንዱን ደግሞ ለእኔ ይላኩልኝ። የኦሞራቴን ውሃ ከሩቅ ሆነን በሳተላይት እናየዋለን፤ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከበረቱ ስንት እርምጃ እንደቀረው የሚያውቁት ግን እነዚያ ልጆች ናቸው።